ከሱቁ በፊት የገንዘቡን መንገድ፦ የጥልፍ ንድፍ ፋይሎችን በኦንላይን ስሸጥ ያለፍሁበት

ያደግሁት ጎንደር ውስጥ የሐበሻ ልብስ በሚሰፋበት ቤት ነው። አክስቴ በወረቀት ላይ የምትነድፈውን የአንገት፣ የእጅጌና የቀሚስ ጫፍ ጥልፍ እኔ ወደ ኮምፒውተር አስገብቼ፣ የኮምፒውተር ጥልፍ ማሽን ላላቸው ባለሙያዎች በፋይል መልክ እሸጣለሁ። ይህን ሥራ ከጀመርሁ ወዲህ ሁለት ሱቅ ዘግቼ ሦስተኛውን ከፍቻለሁ። ሁለቱን ያዘጋኝ የሱቁን መልክ እያየሁ፣ ገዢው የሚከፍለው ገንዘብ በየት በኩል እጄ እንደሚገባ ሳልጠይቅ መጀመሬ ነው። አሁን የመጽሐፍ፣ የትምህርት ቪዲዮ፣ የፎቶ ወይም እንደ እኔ የንድፍ ፋይል ሊሸጡ የተነሡ ወጣቶች «የትኛውን ልክፈት?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ እኔ የከፈልሁትን እነርሱ ዳግመኛ እንዳይከፍሉ ታሪኩን በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል፤ ምርጫዬን የወሰነው የዕቃው ጠባይ ነውና። አንድ የጥልፍ ንድፍ ስሸጥ ለገዢው የማስረክበው አንድ ፋይል አይደለም። ለትልልቆቹ የፋብሪካ ማሽኖች የሚሆነው ዲኤስቲ የሚባለው ዓይነት አለ፣ ለብራዘር የቤት ማሽኖች የሚሆነው ፒኢኤስ አለ። ዲኤስቲ ክር የሚቀየርበትን ቦታ ይነግራል እንጂ የክሩን ቀለም አይዝም፤ ስለዚህ የክሩን ቅደም ተከተል የሚያሳይ ፒዲኤፍ አብሬ ካልላክሁ ገዢው ቀዩን በአረንጓዴ ቦታ ጠልፎ ይደውልልኛል። እንግዲህ የምመርጠው ሱቅ በአንድ ምርት ሥር ብዙ ፋይል የሚያስቀምጥ፣ ስሕተት ሳርምም አዲሱን ፋይል ለቀድሞ ገዢዎች ጭምር የሚያደርስ መሆን ነበረበት። ይህን ግን ያወቅሁት በኋላ ነው።

በ2014 ዓ.ም ስጀምር ሱቄ የቴሌግራም ቻናል ነበር። የንድፉን ሥዕል እለጥፋለሁ፣ ገዢው በቴሌብር ይልካል፣ የከፈለበትን ስክሪንሾት ይልክልኛል፣ እኔም ፋይሉን እልካለሁ። ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ገና አንድ ዓመት ገደማው ነበርና ነገሩ ሁሉ ቀላል መሰለኝ። አዘዞ የሚኖሩ አንዲት የስፌት ባለሙያ ነበሩ፤ ሥራቸው ሌሊት ስለሆነ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ይደውሉና «ልጄ፣ ብሩን ልኬልሃለሁ፤ ማሽኑ ቆሞ እየጠበቀ ነው» ይሉኛል። ተነሥቼ እልክላቸዋለሁ። የጥምቀት ሰሞን ሲደርስ ግን፣ ማለትም ከታኅሣሥ ጀምሮ እስከ ጥር 11፣ ጎንደር ውስጥ የልብስ ሰፊ ሁሉ እንቅልፍ ስለሌለው እኔም እንቅልፍ አጣሁ።

በዚያው ሰሞን ነው በሐሰተኛ ደረሰኝ የተታለልሁት። የተላከልኝ ምስል ከ127 የመጣ የቴሌብር መልእክት ይመስላል፤ ስሜ አለ፣ የብሩ መጠን አለ፣ የግብይት ቁጥርም አለ። በማግሥቱ ሒሳቤን ሳይ ገንዘቡ የለም። ምስሉን አሳድጌ ስመለከተው የብሩ አኃዝ ከቀረው ጽሑፍ ትንሽ ወፈር ያለና ከመስመሩ ዝቅ ያለ ነበር። ኋላ እንደተረዳሁት ያ ሰው በተመሳሳይ ምስል አራት ንድፎችን ወስዷል። በቴሌግራም የምትሸጡ ሁሉ የገዢውን ስክሪንሾት እንደ ማስረጃ አትቁጠሩት፤ የራሳችሁን የቴሌብር የግብይት ዝርዝር ከፍታችሁ ቁጥሩን ሳታመሳክሩ ፋይል አትላኩ። ይህን የሚያደርግ ሰው ሃያና ሠላሳ ገዢ እስኪኖረው ድረስ በቴሌግራም ቢሸጥ ምንም ነውር የለውም፤ እንዲያውም ምን እንደሚሸጥለት የሚያውቅበት ርካሹ መንገድ ይህ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ሲሰምር ነው።

በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ «እውነተኛ ሱቅ» ያስፈልገኛል ብዬ በወር 30 ዶላር የሚያስከፍል የውጭ አገር የሱቅ አገልግሎት ተመዘገብሁ። ስሙን አልጠቅስም፤ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የእኔ ስለነበር መጥቀሱ ፍትሐዊ አይሆንም። ሁለት ሳምንት ሙሉ የደከምሁት በቀለም ምርጫ፣ በአርማ ሥራና ከብራና መጻሕፍት ሐረግ በተቀዳ ጌጥ ነበር። ገጹ በእውነት አማረ። አሜሪካ የምትኖር አንዲት የጎንደር ልጅ ለልጇ ክርስትና ልብስ ሦስት ንድፎችን ገዛች፤ አክስቴም እልል አለች። በወሩ ገንዘቡን ላወጣ ስገባ ግን ገንዘብ ተቀባይ አገሮች በተዘረዘሩበት ሳጥን ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ወደ ላይ ወደ ታች እያልሁ ደጋግሜ ፈለግሁት፤ ኤስቶኒያ አለች፣ ኢትዮጵያ የለችም። ይህን ዝርዝር ለማየት መመዝገብ እንኳ አያስፈልገኝም ነበር፤ በእርዳታ ገጻቸው ላይ ለማንም ተገልጦ ተቀምጦ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ውጭ አገር ባለ ዘመዴ ስም የክፍያ ሒሳብ አስከፈትሁ። ጥቂት ወራት ሠራ፤ ሽያጩ ከፍ ሲል ግን የመታወቂያ ማጣሪያ መጣ። የሱቁ ባለቤት እኔ፣ የገንዘቡ ተቀባይ እርሱ፣ ወደ ሒሳቡ የምንገባበት አገር ሌላ፣ የባንኩ አገር ሌላ ሆኖ ስለተገኘ ሒሳቡ ታገደ። ገንዘቡ ከብዙ ደብዳቤ በኋላ ከወራት ቆይታ ተለቀቀ፤ ዘመዴም በእኔ ሰበብ ስለ ገቢው ለግብር ባለሥልጣን ማብራሪያ መስጠት ነበረበት። ከገንዘቡ ይልቅ ያሳፈረኝ ይህ ነው። በሰው ስም የተከፈተ ሱቅ ሽያጩ ባደገ መጠን ለመታገድ የቀረበ ነውና ይህን መንገድ የሚመክራችሁ ሰው ቢኖር ልምዱ ገና ትንሽ ሽያጭ ላይ እንዳለ ቁጠሩት።

ያን ጊዜ ተቀምጬ ቀድሞ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ፤ የእያንዳንዱን አገልግሎት የክፍያ ገጽ አነበብሁ። ያገኘሁትን ባጭሩ ላስቀምጠው። ብዙዎቹ የሱቅ አገልግሎቶች ገንዘቡን ራሳቸው አይዙትም፤ ስትራይፕ ወይም ፔይፓል በተባሉ የክፍያ አስተላላፊዎች በኩል ነው የሚያሳልፉት። ፔይሂፕ ለምሳሌ ነፃው ዕቅዱ ወርሃዊ ክፍያ የሌለውና ከሽያጩ 5 በመቶ ብቻ የሚወስድ በመሆኑ ለጀማሪ ያጓጓል፤ ነገር ግን ገንዘቡ የሚመጣው በእነዚህ በሁለቱ በኩል ስለሆነ፣ በኢትዮጵያ አድራሻ በእነርሱ ዘንድ የነጋዴ ሒሳብ መክፈት ለማይችል ሰው በሩ የተዘጋ ነው። ሾፒፋይ የሚባለው የሱቅ አገልግሎትም የራሱ የክፍያ አገልግሎት እኛ አገር ስለማይሠራ የሌላ ድርጅት የክፍያ ሥርዓት መግጠም ያስፈልጋል፤ እንዲህ ሲደረግ ደግሞ በመነሻ ዕቅዱ ላይ ከየሽያጩ ተጨማሪ 2 በመቶ ይወስዳል።

ሌላው ያልገባኝ ነገር የኮሚሽኑ አቆራረጥ ነበር። ጋምሮድ የሚባለው የሱቅ አገልግሎት ከየሽያጩ 10 በመቶና 50 የዶላር ሳንቲም ይወስዳል፤ ሌመን ስኩዊዚና ፓድል ደግሞ 5 በመቶና 50 ሳንቲም። አሥር በመቶው ያስፈራል እንጂ እንደ እኔ ያለውን ሻጭ የሚጎዳው ሃምሳ ሳንቲሙ ነው። አንድ የአንገት ንድፍ በ2 ዶላር ብሸጥ በመጀመሪያው 70 ሳንቲም፣ በሁለተኞቹ 60 ሳንቲም ይሄዳል፤ ከዋጋው ሢሶ ገደማ ማለት ነው። አሥር ንድፎችን በአንድ ጠቅልዬ በ15 ዶላር ብሸጥ ግን የመጀመሪያው 2 ዶላር፣ ሁለተኞቹ 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ብቻ ይወስዳሉ። በዶላር ለሚሸጥ ሰው በነጠላ መቸርቸር አያዋጣም። እነዚህ አገልግሎቶች በሕግ ፊት ሻጭ ሆነው የሚቆሙት ራሳቸው መሆናቸውም ዋጋ አለው፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዲጂታል ምርት ላይ ገዢው ባለበት አገር መጠን ተጨማሪ እሴት ታክስ ስለሚጠይቅ፣ ያን አስልቶ የመክፈሉን ጣጣ ከትከሻችሁ ያነሡላችኋል።

በነሐሴ 2015 የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋረጠ። ሱቁ ያለው ባሕር ማዶ ስለሆነ ክፍት ነው፤ ገዢዎቼ ግን ሊገቡበት አልቻሉም። ዋይፋይ ያለበት ቦታ የሚያገኝ ሰው በዚያች ባገኛት ግማሽ ሰዓት ከፍሎ አውርዶ መውጣት ነበረበትና ያ ወቅት ሁለት ነገር አስተማረኝ፦ ገጹ ቀላል ይሁን፣ ገዢውም ማውረዱ ቢቋረጥበት ዳግመኛ ሳይከፍል ተመልሶ የሚያወርድበት ዕድል ይኑረው። ያ ያማረው ገጼ ሥዕሎቹ ሳይጫኑ ገዢው ይሰለች ነበር።

ውሳኔውን ያስወሰነኝ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ነው። ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በወር 1,700 ብር ገደማ ይሆንብኝ የነበረው የሱቅ ኪራይ ሳይሸጥ ሳይለወጥ ከ3,000 ብር አለፈ። በዚያች ማታ የሽያጭ ደብተሬን አውጥቼ ገዢዎቼን አንድ በአንድ ቆጠርሁ፤ ከአሥሩ ሰባቱ አገር ውስጥ ያሉና በብር የሚከፍሉ ነበሩ። እኔ ለሦስቱ ብዬ በዶላር ቤት ተከራይቼ ሰባቱን በቴሌግራም ደጅ አቁሜአቸው ኖሬአለሁ። እናንተም ሱቅ ከመምረጣችሁ በፊት ይህን ቆጠራ አድርጉ፤ ገና ካልሸጣችሁም ሊገዙ ይችላሉ የምትሏቸውን ሃያ ሰዎች በምን እንደሚከፍሉ ጠይቋቸው።

ሦስተኛውን ሱቅ የከፈትሁት ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ላይ በሚጫነው ዉኮሜርስ በሚባል የሱቅ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ነው። ፕለጊኑ ነፃ ነው፣ ብርን እንደ መገበያያ ገንዘብ ያውቃል፣ የምከፍለው ለሆስቲንግ፣ ማለትም ገጹ ለሚቀመጥበት ቦታ፣ እና ለዶሜይን፣ ማለትም ለገጹ ስም፣ ብቻ ነው። ዋናው ምክንያቴ ግን የአገር ውስጥ የክፍያ ጌትዌይ፣ ማለትም ከገዢው ክፍያ የሚቀበልልኝ አገልግሎት፣ መግጠም መቻሉ ነበር። እንደ ቻፓ፣ አሪፍፔይና ሳንቲምፔይ ያሉ ድርጅቶች ገዢው በቴሌብርም በባንክ ሒሳቡም እንዲከፍል ያስችላሉ፤ ቻፓ ለዉኮሜርስ የተዘጋጀ ፕለጊንም አለው። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ በድርጅት ስም ለመመዝገብ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይጠየቃል። እኔ ሱቁን ሠርቼ ከጨረስሁ በኋላ ፈቃድ ፍለጋ ስለወጣሁ የሆስቲንጉን ሁለት ወር በባዶ ከፈልሁ። ፈቃዱን አስቀድሙ፤ ሱቁ በሦስት ቀን ይደርሳል።

በሦስት ቀን ይደርሳል ስል ግን ያለ ስሕተት ማለቴ አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት ገዢዎቼ «ከፍለናል፣ ፋይሉ አልመጣም» እያሉ ይደውሉ ነበር፤ የሚገርመው ደግሞ ሱቁ የፋይል ገዢውን የቤት አድራሻና የመላኪያ ከተማ ይጠይቃል። ሁለት ቀን ጌትዌዩን ስጠረጥር ከርሜ ችግሩን ያገኘሁት ምርቱን በምመዘግብበት ገጽ ላይ ነው። እዚያ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ «ቨርቹዋል» ሌላው «ዳውንሎደብል» ይላል። እኔ ምልክት ያደረግሁት በሁለተኛው ላይ ብቻ ነበር። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ምልክት ሳይደረግበት ከቀረ ሱቁ የሚላክ ዕቃ አለ ብሎ ስለሚያምን ትእዛዙን «በሒደት ላይ» ብሎ ያቆየዋል፤ ባለቤቱ በእጁ «ተጠናቋል» እስኪል ድረስም የማውረጃው ሊንክ ላይሄድ ይችላል። ሁለቱንም ስነካቸው ነገሩ በደቂቃ ተፈታ።

ሁለተኛው ስሕተት ገንዘብ አስከፍሎኛል። ፋይሉ ለገዢው የሚሰጥበትን መንገድ መምረጫ ላይ፣ ትልልቅ ፋይሎች ሲወርዱ እንዳይቋረጡ ብዬ ገዢውን በቀጥታ ወደ ፋይሉ አድራሻ የሚመራውን መረጥሁ። ያ አድራሻ ለሁሉም የሚሠራ ነበር። አንድ ገዢ ሊንኩን ወደ አንድ ቻናል ወረወረው፤ በሳምንቱ ቅዳሜ ገበያ ስሄድ አክስቴ ለልደት ያወጣችውን አዲስ የመስቀል ንድፍ ሦስት የማላውቃቸው ሰዎች ቀሚስ ላይ አየሁት። ሱቁ ራሱ ፋይሉን ከሰርቨሩ (ፋይሉ ከተቀመጠበት ኮምፒውተር) አውጥቶ የሚሰጥበትን መንገድ ምረጡ፣ ለእያንዳንዱ ገዢ የማውረጃ ብዛትና የጊዜ ገደብ አድርጉለት። እኔ አምስት ጊዜና ሠላሳ ቀን አድርጌዋለሁ፤ ኢንተርኔቱን አስቤ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መኖሩን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በ150 ብር ንድፍ ከሰው ጋር ፍርድ ቤት ከመመላለስ በሩን መቆለፍ ይሻላል።

ከአማርኛ ጋር የተያያዘም ጣጣ አለ፤ ይህን የውጭ አገር መመሪያዎች አይነግሯችሁም። የምርቱን ስም በግእዝ ፊደል ስትጽፉ የገጹ አድራሻ ከዚያው ይሠራል፤ አንድ ፊደል በሊንክ ውስጥ ሲገለጥ ዘጠኝ የላቲን ምልክት ይሆናል። ዎርድፕረስ ለአድራሻው የሚሰጠው ቦታ 200 ምልክት ስለሆነ ከ22 ፊደል በላይ የሆነ ስም ይቆረጣል፤ በቴሌግራም ሲላክም ሙሉ መስመር የሞላ ዝባዝንኬ ይመስልና ሰው አጭበርባሪ ሊንክ ነው ብሎ ይሸሸዋል። አድራሻውን በአጭር የላቲን ቃል በእጃችሁ ቀይሩት። ፍለጋውም እንዲሁ ነው። እኔ «ሐረግ» ብዬ የጻፍሁትን ገዢው «ሀረግ» ብሎ ቢፈልግ ሱቁ «አልተገኘም» ይላል፤ «ፀሐይ»ና «ጸሀይ»፣ «ሥላሴ»ና «ስላሴ»ም ለኮምፒውተሩ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። የፊደሉን ትክክለኛ አጻጻፍ የሚወዱ የቤተ ክህነት ሰዎች ይቅር ይበሉኝና፣ በየምርቱ መግለጫ ግርጌ የተለያዩትን አጻጻፎች ሁሉ ደርድሬአለሁ።

አንድ የቀረኝ የኢሜይል ነገር ነው። እነዚህ ሱቆች ሁሉ ሊንኩን በኢሜይል ይልካሉ፤ የእኔ ገዢ ግን ኢሜይል የከፈተው ስልኩን የገዛበት ሱቅ ውስጥ፣ የስልኩ ሻጭ ባወጣለት ስም ነው፤ የይለፍ ቃሉንም አያውቀውም። ስለዚህ ክፍያው እንደተጠናቀቀ የማውረጃው ቁልፍ በዚያው ገጽ ላይ ጎልቶ እንዲወጣ አደረግሁ፤ ስልክ ቁጥርም አስገዳጅ አደረግሁ፤ ለቀረው ደግሞ ቴሌግራም አለ። «ታዲያ ለምን በቴሌግራም ቦት አትሸጥም?» የሚሉኝ አሉ። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ ቴሌግራም በቦት የሚሸጥ ዲጂታል ምርት ስታርስ በተባለው የራሱ መክፈያ እንዲከፈል ስለሚጠይቅ፣ ለብር ገዢዬ መንገዱ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ቻናሉን ለማስተዋወቂያ፣ ሱቁን ለመሸጫ አድርጌ ለይቻቸዋለሁ።

ለውጭ አገር ገዢዎች የተጠቀለሉትን ንድፎች ብቻ የያዘች ትንሽ ሱቅ ለብቻዋ ከፈትሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አንድ ሥዕል ሳልሰቅል በፊት ለአንድ ወዳጄ አንድ ጥቅል ሸጥሁና፣ ገንዘቡ በራሴ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ እስኪገባ ጠበቅሁ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ ሳምንታት አክስቴ በየቀኑ «ገባ?» ትለኝ ነበር።

የገዢዎቼን ዝርዝርና ፋይሎቼን ሁሉ በየወሩ መጀመሪያ ወደ ፍላሽ አወርዳለሁ። የቀድሞውን ሱቅ ስዘጋ የገዢዎቹን ስልክ ሳላወጣ ስለዘጋሁት፣ ከአዘዞዋ እናታችን በቀር አብዛኞቹን መልሼ አላገኘኋቸውም፤ እርሳቸውም የተገኙት በር አንኳኩተው «ልጄ፣ ሱቅህ የት ገባ?» ብለው ነው። ፍላሹ አሁን አክስቴ የክር ሣጥን ውስጥ፣ ከወርቀ ዘቦው ሥር ተቀምጧል።